በጎንደር የዳኞች በርና በሌሊት ይሰማል ስለሚባለው ልቅሶ

በጎንደር ከተማ መካከል የሚገኘውን የፋሲል ግቢ በሥዕል ያላየ ተማሪ በመካከላችን ይገኛል ብዬ አላስብም። ነገር ግን ስለ ግቢው ሲነገር ዘወትር የሚነገረው ስለ ግንቦቹ ስለ ሆነ፥ እኔ በዚህ ጽሑፍ የማወሳው ስለ በሮቹ፥ ይልቁንም ስለ አንዲቱ በር ነው። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1636) ከተማውን ቆረቆሩ፤ እርሳቸውና ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት ነገሥታት ያሠሯቸውን ግንቦች የሚከብበው የድንጋይ አጥር ርዝመቱ 900 ሜትር ያህል ነው። በዚህ አጥር ላይ 12 በሮች ነበሩ። ስማቸውም ፊት በር፥ ወንበር በር፥ ተዝካሮ በር፥ አዛዥ ጥቁር በር፥ አደናግር በር፥ ቋሊ በር፥ እንቢልታ በር፥ እልፍኝ በር፥ ባልደራስ በር፥ ራስ በር፥ እርግብ በርና እንኮዬ በር ይባላል። እያንዳንዱ ስም የአንድ ሥራ ወይም የአንድ ሰው መታሰቢያ ነው። እንቢልታው የሚነፋበት በር አለ፤ የፈረሶቹ አዛዥ የሚገባበት በር አለ፤ የእቴጌ ምንትዋብ እናት የወይዘሮ እንኮዬ በር አለ። ወንበር በር ግን የዳኞች በር ነው።

ወንበር ማለት ዛሬ በክፍላችን የምንቀመጥበት ዕቃ ነው። በጥንቱ የፍርድ አነጋገር ግን ወንበር የተባለው ዳኛው ራሱ ነበር። የቀኝ ወንበርና የግራ ወንበር ሲባል በንጉሡ ቀኝና ግራ ሆነው የሚፈርዱት ሰዎች ማለት ነው። ስለዚህ ወንበር በርን ስናይ የምናየው የአንድ ታላቅ ፍርድ ቤት ደጃፍ መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

የታሪክ ክበባችን ወደዚያ ለመሄድ መሰናዳቱን የሰሙት አያቴ፥ ተወልደው ያደጉት ጎንደር ስለ ሆነ፥ በጣም ደስ አላቸው። ጥቂት ቆይተው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥

«ልጄ፥ ግንቡን እዪ፤ ቁስቋምንም ተሳለሚ። ዳሩ ግን ጀንበር ከጠለቀች በኋላ በዳኞቹ በር በኩል እንዳታልፊ» አሉኝ።

«ምን አለበት፥ እማማ?»

«ሳይቀበሩ የቀሩ ሰዎች ያለቅሱበታል። ልቅሶው ይሰማል፤ የሚያለቅሰውን ግን ያየው የለም። ደግሞም ጅብ መስሎ የሚመጣ አለ።»

«ጅብ መስሎ የሚመጣው ማን ነው?»

«ማን ይሆናል? የቀን ሰው ነዋ!» አሉና በአፋቸው ላይ አማተቡ።

እኛ የኮልፌ ቀራኒዮ ልጆች ሌሊት የጅብ ጩኸት ብርቃችን አይደለም። ይሁን እንጂ «የቀን ሰው» የሚለው ቃል በልቤ ቀረ። ከእኛ ጋር ከተጓዙት መካከል አያቷ ሸክላ ሠሪ የሆኑ አንዲት የክፍላችን ልጅ ነበረች። ስሟን እንዳልጠራ ብትለምነኝም ነገሩን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። እርስዋ ስትቀርብ የምሳ ዕቃቸውን የሚከድኑ ልጆች ነበሩ፤ በሠፈርዋም አንድ ሕፃን ሆዱን ባመመው ጊዜ ጎረቤቶች «ዐይን ነው» እያሉ ወደ ቤታቸው ይጠቁሙ ነበር። ለእርስዋ የጅቡ ወሬ የማታ ጨዋታ አልነበረም።

ወደ ጎንደር ከደረስን በኋላ በሁለተኛው ቀን ከአስተማሪያችን ጋር በአጥሩ ዙሪያ እየተዘዋወርን በሮቹን ተመለከትን። በሩ እንዲያው በድንጋይና በኖራ የተሠራ በር ነው፤ ፈልጎ ያልመጣ ሰው ሳያስተውለው ሊያልፍ ይችላል። ለዐይን ከሚታየው ይልቅ በዚያ ይፈጸም የነበረው ሥርዓት ብዙ ትምህርት ስላለው እርሱን ሰፋ አድርጌ እገልጻለሁ።

በዚያ ዘመን ሙግት የሚሰማው በአብዛኛው በአደባባይ ነበር። በአገራችን በቆየው የሙግት ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛ ፊት ትይዩ ቆመው በቃላቸው ይከራከራሉ፤ አንደኛው «ተጠየቅ!» ሲል ሁለተኛው «ልጠየቅ!» ይላል። ሁለቱም ዋስ መጥራት አለባቸው፤ ዋስ ያጣ ሰው ከባለጋራው ጋር በቁራኛ ይታሰራል። ዛሬ «የዕለት ተዕለት ቁራኛዬ» እያልን የምንቀልድበት ቃል የመጣው ከዚህ ነው። የሚፈረደውም በልማድና፥ በ13ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ኋላ ወደ ግዕዝ በተመለሰው በፍትሐ ነገሥት ነበር። ከሁሉም የሚያስደንቀኝ «በሕግ አምላክ!» የሚለው ቃል ነው። አንድ ሰው ይህን ቃል ከጠራ፥ የሚሸሽ ይቆማል፤ የሚማታ እጁን ይሰበስባል። ወታደር ሳይኖር፥ ጠመንጃ ሳይኖር፥ ቃሉ ብቻ ሰውን አስሮ ወደ ዳኛ ይወስደው ነበር።

በንጉሡ ችሎት ደግሞ አንድ ብልህ ደንብ ነበረ። አስተያየት መስጠት የሚጀምረው በማዕርግ ከሁሉ የሚያንሰው ሰው ሲሆን፥ ቀስ በቀስ ወደ ትልልቆቹ ያልፋል፤ የንጉሡ ቃል የሚሰማው በመጨረሻ ነው። ትልቁ አስቀድሞ ቢናገር ትንሹ በምን አፉ ይቃወመዋል? ይህ ደንብ በክፍላችን ክርክርም ላይ ቢገባ መልካም ነበር። ንጉሡ ራሳቸው በመጋረጃ ተሰውረው ይቀመጣሉ፤ ፍርዳቸውንም ቃለ ሐፄ የተባለው ሹም ለጉባኤው ያሰማል። ድምፁ ይሰማል፥ ተናጋሪው ግን አይታይም። አያቴ የነገሩኝን ሳስብ ይህ ነገር ፈገግ አሰኝቶኛል።

ስለ ልቅሶውም ቢሆን የተጻፈ ማስረጃ አለ። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው፥ የአገራችን ሰዎች «ያዕቆብ» የሚሉት፥ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ እስከ 1771 መጨረሻ በአገራችን ቆየ። ያየውንም እ.ኤ.አ. በ1790 በአምስት ቅጽ አሳትሟል። በዚያ ዘመን የነገሡት ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊ ሲሆኑ፥ ሥልጣኑ ግን በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበር። ብሩስ እንደ ጻፈው፥ ከጠዋት እስከ ማታ ተበዳዮች በቤተ መንግሥቱ መስኮት ሥር ቆመው በየቋንቋቸው «ጃን ሆይ!» እያሉ ፍርድ ይለምናሉ፤ ያለቅሳሉ። ክረምት ሲገባና ወንዝ ሲሞላ ባላገር መምጣት ያቆማል። ያን ጊዜ ታዲያ ምን ይደረጋል? ምንም ያልተበደሉ ሥራ ፈቶች ቀለብ እየተሰጣቸው እንዲያለቅሱ ይደረጋል! ምክንያቱም ግቢው ጸጥ ቢል ንጉሡ ብቸኝነት ይሰማቸዋል፥ ክብራቸውም ይጓደላል ተብሎ ነው። ብሩስ በዚህ ልማድ እጅግ መቸገሩን፥ ንጉሡም ይህን ዐውቀው ለቀልድ ያህል አልቃሾቹን ወደ እርሱ መስኮት ይሰዱበት እንደ ነበር ይናገራል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በዚያ ደጃፍ ማንም ያልበደለው ሰው ያለቅስ ነበር ማለት ነው። ወሬውም አንድ ሥር ያገኘው ከዚህ ይመስለኛል። ሆኖም እውነተኛ ልቅሶ አልነበረም ለማለት አይደለም። በዚያው አደባባይ የሚፈጸመው ቅጣት እጅግ ከባድ ነበር። ከግቢው ፊት ለፊት ዛሬም ጃን ተከል የምትባል ታላቅ ዋርካ አለች፤ በሥርዋ ፍርድ ይሰጥ፥ ቅጣትም ይፈጸም እንደ ነበር የጎንደር አዛውንቶች ይናገራሉ። በብሩስ መጽሐፍም በቤተ መንግሥቱ ፊት ስለ ቆመች አንዲት «ዳሮ» ተጽፏል፤ በትግርኛ ዳዕሮ የሚባለው የሾላ ወገን የሆነ ዛፍ ነውና።

ብሩስ ስለ ቅጣቱ የጻፈውን ሁሉ በትምህርት ቤት መጽሔት ላይ መዘርዘር አያሻም። ለጉዳያችን የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው፦ በክህደት፥ በነፍስ ግድያና በመንገድ ላይ ዝርፊያ የተገደሉ ሰዎች ሬሳ ብዙ ጊዜ አይቀበርም ነበር። በመንገድ ላይ ይቀራል። ይህም የሆነው ሕዝቡ እንዲያይና እንዲፈራ ነው። በመሸ ጊዜ ታዲያ በሬሳው ሽታ የተጠራ ጅብ ከየሸለቆው እየወጣ ከተማውን ይሞላዋል። ብሩስ ከቤተ መንግሥት ወደ ቤቱ ሲመለስ መብራትና የታጠቁ ሰዎች ሳይዝ መንቀሳቀስ አይችልም ነበር። ስለ ጅቡ ድፍረትም አንድ ታሪክ ያጫውተናል። አንድ ሌሊት በሜጫ አገር በድንኳኑ ሳለ ከኋላው አንድ ነገር ሲያልፍ ይሰማል፤ ወጥቶ ሲመለስ በጨለማው ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሰማያዊ ዐይኖች ያፈጡበታል። መብራት ቢያስመጣ፥ በአልጋው ራስጌ የቆመ ጅብ የሻማ እስር በአፉ ይዞ ተገኘ። መብራቱ ባይመጣ ኖሮ ያ ጅብ ዛሬ በአያቶቻችን ተረት ውስጥ ሻማ የሚበላ መንፈስ ሆኖ ይኖር ነበር።

የነገሩ ከባዱ ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው። የጎንደር ሰው ሌሊት በየደጁ የሚያጉረመርመውን ፍጥረት ከአደባባዩ ከተጣለው ሬሳ ጋር አላገናኘውም። ብሩስ እንደ መሰከረው፥ ሕዝቡ በጽኑ የሚያምነው፥ እነዚህ ጅቦች በዙሪያው ባሉት ተራሮች የሚኖሩ፥ በዚያ ዘመን ፈላሻ ይባሉ የነበሩ ቤተ እስራኤል ናቸው፤ በአስማት ተለውጠው በጨለማ የሰው ሥጋ ሊበሉ ይመጣሉ፥ ብሎ ነበር። ቤተ እስራኤል ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ርስታቸው እየተወሰደባቸው የሄደ ሕዝብ ናቸው። መሬት የሌለው ሰው በእጁ ሥራ ይኖራልና ብረት ቀጠቀጡ፥ ሸክላ ሠሩ፥ ሸማ ሠሩ፥ ግንበኞችም ሆኑ። ለጎንደር ቤተ መንግሥቶችና አብያተ ክርስቲያናት በግንበኝነትና በአናጢነት መሥራታቸው ይታወቃል። ጎንደሬው ማረሻውን፥ ጦሩን፥ የወጥ ድስቱን ሳይቀር ከእነርሱ ይገዛ ነበር፤ ከዚያም «ቡዳ» ይላቸዋል።

ይህን አስተማሪያችን በአጥሩ ጥላ ሥር ሆነው ሲያስረዱን፥ ያች የክፍላችን ልጅ እጅዋን አነሣች።

«የኔታ፥ ጅብ ሲሆኑ ያየ ምስክር ነበር?»

አስተማሪያችን ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም፥ «በዚህ በር ገብተው የሚቀመጡት ዳኞች አንዲት ፍየል ጠፋች ተብሎ ቢከሰስ እንኳ ከሳሹ ማን ነው፥ ዋስህ የት አለ፥ ምስክርህን ቁጠር ይሉ ነበር። ለዚህኛው ክስ ግን ከሳሽም አልቀረበም፥ ተከሳሽም አልተጠራም፥ ምስክርም አልተቆጠረም» አሉ።

«ታዲያ ማን ፈረደባቸው?» አለች።

መልስ የሰጣት አልነበረም። እኔም እስካሁን የማስበው ይህንኑ ነው። ሬሳውን በአደባባይ ያስጣለው የችሎቱ ፍርድ ነው፤ ጅቡን የጠራው ሬሳው ነው፤ ስሙ የጠፋው ግን ከከተማው ውጭ በመንደሩ የተኛው ቀጥቃጭ ነው። በቀን «በሕግ አምላክ!» ሲባል የሚቆም ሕዝብ፥ በሌሊቱ ወሬ ላይ ግን ይህን ቃል የሚጠራ አልተገኘበትም።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። ከብሩስ ወደ 80 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፥ እ.ኤ.አ. በ1692፥ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት ሳሌም በምትባል ከተማ ጠንቋዮች ናችሁ ተብለው የተከሰሱ ሰዎች ነበሩ። በዚያ ያሉት ዳኞች የባሰ ሥራ ሠሩ፤ «የዚህች ሴት መንፈስ በሌሊት መጥቶ አነቀኝ» የሚለውን ቃል እንደ ምስክርነት ተቀበሉ። 19 ሰዎች ተሰቀሉ። በዚያው ዓመት አገረ ገዢው ችሎቱን በተነው፤ የተተካው ፍርድ ቤት በመንፈስ መታየት የሚሰጠውን ምስክርነት አልቀበልም ባለ ጊዜ ከተከሳሾቹ አብዛኞቹ በነጻ ተለቀቁ። በጎንደር መናፍስቱ ከፍርድ ቤቱ ደጅ ነበሩ፤ በሳሌም ግን ገብተው መሰከሩ።

ስለ ጅቡ ጥቂት ልጨምር፤ የሥነ ሕይወት አስተማሪያችን ይህን ሳላነሣ ባልፍ ቅር ይላቸዋልና። ዐይኑ በጨለማ የሚያበራው በዐይኑ ውስጥ እንደ መስተዋት ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለው ነው፤ ድመትና ውሻም አላቸው። የሚጮኸው ከባልንጀሮቹ ጋር ለመጠራራት ሲሆን ድምፁ እስከ 5 ኪሎ ሜትር ድረስ ሊሰማ ይችላል፤ ስለዚህ በሩቅ ሸለቆ ያለው ከደጃፍ ያለ ይመስላል። ሣቅ የሚመስለውን ድምፅ የሚያወጣው ደግሞ ሲጨነቅ ወይም በምግብ ሲጣላ እንጂ ደስ ሲለው አይደለም። የመንጋው አለቃም ሴቲቱ ናት። አጥንት የሚፈጭ መንጋጋ ስላለው አዛባው ከአጥንቱ ኖራ የተነሣ ነጭ ይሆናል። በኮልፌ በኩልም ሌሊት ወደ መንደር የሚያመጣው የምንጥለው አጥንትና የሥጋ ትራፊ ነው። ቆሻሻው በሚገባ ቢነሣ ብዙው ጩኸት ይቀንሳል፤ ይህን የምጽፈው ለወላጆችም ጭምር ነው።

ሐረር ብንሄድ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። በሐረር ጅብ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ከተማው ይገባል፤ ሥጋም በእጅ ያጎርሱታል። ብዙ የሐረር ሰዎች ጅቡ ጂኒዎችን ይበላልናል ብለው ያምናሉ። ያው አንድ እንስሳ በጎንደር መንፈስ ተባለ፥ በሐረር መንፈስ አባራሪ። ይህን በሰማን ጊዜ ሁላችንም ሣቅን፤ ያች ልጅ ግን «ሐረር መወለድ ነበረብኝ» አለችና የሣቃችን ጣዕም ጠፋ።

የአደባባዩ ሥርዓት ዛሬ የለም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርዱን ሥራ ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ሰጡ፤ ከዚያም በየጊዜው የተጻፉ ሕጎች ወጡ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ የሞት ቅጣት በአደባባይ በስቅላት እንዳይፈጸም ይከለክላል። የፋሲል ግቢም እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የመጨረሻውን ቀን ያሳለፍነው ከከተማው ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በወለቃ ነው። ወለቃ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤል በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ14 ሺህ በላይ የሚሆኑት በ36 ሰዓት ውስጥ በአውሮፕላን ተጓዙ። ዛሬ በወለቃ የጸሎት ቤታቸውና አንዳንድ ጎጆዎች ይታያሉ፤ በመንገዱ ዳር ሴቶች ትንንሽ የሸክላ ምስሎችን ይሸጣሉ። በአንዲቱ ጎጆ ደጃፍ ቆመን፥ ከዚህ ቤት ወጥቶ የሄደው ሰው ማታ ማታ የጅቡን ጩኸት ሲሰማ እርሱም እንደኛ በሩን ይዘጋ እንደ ነበር አስተማሪያችን ነገሩን።

የክፍላችን ልጅ ለአያቷ አንዲት ትንሽ የሸክላ አንበሳ ገዛች። በኮልፌ ሲቀበሏት እኔም አብሬያት ነበርሁ። አያቷ ምስሏን ተቀብለው ገለበጧት፤ ሆድዋን በጣታቸው ቆርኩረው ድምፅዋን አዳመጡ፤ ከዚያም «እጃቸው ጥሩ ነው፤ አተኳኮሱ ላይ ግን ቸኩለዋል» አሉና ከመደባቸው ላይ አስቀመጧት።